ቡሃቃው ከማን ተከደነ?

ስለ ባህላችን በሚካሄደው ውይይት ውስጥ ቅኔው፣ ዜማው፣ ሥዕሉና ቀረርቶው ተገቢውን ስፍራ ሲያገኙ ማድ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ከደጅ ትቀራለች። በማድ ቤት የሚሠራው ሁሉ ዕለት ተሠርቶ ዕለት የሚበላ፣ ሠሪዎቹም በአብዛኛው ሴቶች በመሆናቸው፣ ሐሳብ ያለበት ስፍራ አልመሰለንም። ዳሩ ግን አንድ ሕዝብ ስለ ዕድል፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ራሱ በእውነት የሚያምነውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ከአዳራሹ ይልቅ ወደ ጓዳው ቢዘልቅ ይበጀዋል። በአዳራሽ የምንናገረው ብናምነው የምንወደውን ነው፤ በጓዳ የምንሠራው ግን የምናምነውን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምግብ ዝግጅት ዙሪያ የሚገኙትን ልማዳዊ እምነቶች አንድ በአንድ መዘርዘር አይደለም። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ልማዳዊ እምነት ይጠበቅ ወይስ ይወገድ ለማለት መለኪያችን ምን መሆን ይገባዋል? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው፣ «ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን የወረስነው ስለሆነ ሁሉም ይጠበቅ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ሳይንስ ያልመሰከረለት ሁሉ ኋላ ቀር ነውና ይወገድ» ይላል። ሁለቱ ባላንጣዎች ይመስላሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ሁለቱም ከመመርመር ድካም ያሳርፋሉ።

ሊጡና ዓይኑ

ከምናውቀው እንጀምር። በእናቴ ቤት ጤፍ በሸክላ ቡሃቃ ይቦካ ነበር። ዱቄቱ በውኃና በእርሾ ከተለወሰ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ከላይ የሚጠልለው ውኃ ይደፋል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ አብሲት ይጣልበታል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ በጎመን ዘር ታሽቶ እንጀራው ይጋገራል። በእንጀራው ፊት ላይ የሚወጣው ዓይን የባለሙያይቱ የምስክር ወረቀት ነው። ዓይኑ ጥርት ብሎ ሲወጣ እናቴ ዝም ትላለች፤ ድፍን ሆኖ ሲወጣ ግን፣ «ዓይን አይቶታል» ትል ነበር። ለእንጀራው ዓይን መጥፋት ተጠያቂው የሰው ዓይን ነው ማለቷ ነው። ስለዚህም ባዕድ ሰው ወደ ጓዳ ሲዘልቅ ቡሃቃው ይከደናል፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርትም ለዚሁ መከላከያ ከቤት አይታጡም።

ሊጡን የሚያቦኩት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን፣ ይኸውም እርሾዎችና ባክቴሪያዎች መሆናቸው ዛሬ የታወቀ ነው። ዱቄቱን እየተመገቡ አየር ያወጣሉ፤ አየሩም በምጣዱ ግለት ሲወጣ በእንጀራው ላይ ዓይን ትቶ ያልፋል። ብርድ ሲበረታ ሥራቸው ይዘገያል፤ ውኃ ሲበዛ ወይም አብሲቱ ሳይመጠን ሲቀር እንጀራው ይበላሻል። እናቴ ይህን በስም ባታውቀውም በእጇ ታውቀው ነበር። በሐምሌ ብርድ ቡሃቃውን ወደ ምድጃው ታስጠጋለች፤ እርሾው እንዳይጠፋ ቡሃቃውን አሟጥጣ አታጥብም። መክደኗም ቢሆን ሊጡን ከዝንብና ከአቧራ ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ እጇ የሚያውቀው አንድ፣ አንደበቷ የሚናገረው ሌላ ነበር ማለት ነው። ደግሞም ልብ እንበል። የማይታይ ነገር በሊጡ ላይ ይሠራል ብላ ማመኗ ስሕተት አልነበረም። የተሳሳተችው ለማይታየው ነገር የሚታይ ሰው ስም በመስጠቷ ነው።

ዕዳ የሌለባቸው እምነቶች

ከማድ ቤት እምነቶች መካከል አያሌዎቹ በማንም ላይ ዕዳ የማይጥሉ ናቸው። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠጣል፤ በረካውን ሳይጠጡ መነሣት በረከቱን ትቶ እንደ መሄድ ይቆጠራል። በዚያው ቡና ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሚፈላ ሦስተኛው ሲኒ ከሁሉ የቀጠነ ነው፤ በረከቱን በውስጡ የሚያገኝ የኬሚስትሪ ባለሙያም አይኖርም። ሆኖም በረካው እስኪደርስ የተቀመጡ ጎረቤታሞች የታመመው ማን እንደሆነ፣ የተጣላው ማን እንደሆነ፣ እህል ያለቀበት ቤት የማን እንደሆነ ሳይሰሙ አይነሡም። በረከቱ በቆይታቸው ውስጥ ነው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል። በቁጥሩ ምክንያት ጠብ የሚያመጣ ጉርሻ የለም፤ ነገር ግን አባባሉ እጃችንን ለሁለተኛ ጊዜ እንድንዘረጋ ያስገድደናል። በብዙ ቤትም ሞሰብ ባዶውን አያድርም፤ ቁራሽ እንጀራ ይተዉበታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ስለ ቤቱ ውቃቢ ወይም ስለ በረከት ይነገራል። ከዚህም የተነሣ በውድቅት የደረሰ መንገደኛ፣ ወይም ርቦት የነቃ ሕፃን የሚቀምሰው አያጣም። እነዚህ ሁሉ እንደ ዜና ቢወሰዱ ሐሰት፣ እንደ ሥርዓት ቢወሰዱ ግን መልካም ናቸው። እነርሱን ለማጥፋት ዘመቻ የሚወጣ ሰው ትርፍ ጉልበት ያለው ሰው ነው።

ግማሽ እውነት

ሁለተኛው ወገን ግማሽ እውነት የያዘው ነው። ጓያ ሰውን እንደሚያሽመደምድ ገበሬው ያውቃል። በአያሌ ስፍራዎች ግን ጥፋቱ የእንፋሎቱ ነው፤ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ የመታው፣ ወይም በጓያ ማሳ ውስጥ ያለፈ ሰው እግሩ ይያዛል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ድስቱ ሲከፈት ፊት ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምግቡ ይበላል። ሳይንስ ያረጋገጠው በጓያ ፍሬ ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር መኖሩን፣ ጉዳቱም የሚደርሰው ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ መሆኑን ነው። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ሌላው እህል ሲከዳ እርሱ ይቆማል። ስለሆነም የሚሽመደመደው ሌላ የሚበላው ያጣው ድኻ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ፣ በደላንታ ዳውንት የደረሰው መከራ ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አንድ የተማረ ወጣት ጓያ ወደሚበላበት መንደር ሄዶ፣ «የእንፋሎቱ ነገር ተረት ነው» ብሎ ስቆ ቢመለስ፣ የተናገረው እውነት ሆኖ ሳለ የሚያደርሰው ጉዳት ይበዛል። ሕዝቡ ጓያን የሚፈራበትን ምክንያት ነጥቆ በምትኩ ምንም አልሰጠምና። ግማሽ እውነት ይሞላል እንጂ አይፈርስም። ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ለብቻው ከመመገብም ከሌላ እህል ጋር መቀየጥ አደጋውን እንደሚቀንስ ማስተማር የመምህሩ ተግባር ነው። በድኻው ጎተራ ውስጥ ጓያ ብቻ እንዳይቀር ማድረግ ደግሞ የአስተዳዳሪው ተግባር ነው። ሁለተኛው በሌለበት የመጀመሪያው ብቻውን ብዙ አይራመድም፤ የተራበ ሰው ምክር ሰምቶ ጦሙን አያድርምና።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ»፣ ደራሲነቱ ዛሬም ሊቃውንትን ቢያከራክርም፣ የወር አበባ ያየችን ሴት ርኩስ የሚለውን ሥርዓት በልቡና መርምሮ ውድቅ ያደርጋል። የተወረሰ ሥርዓት በልቡና ፊት ቀርቦ ይጠየቅ የሚለው ይህ አቋም ለእኛም መነሻ ይሆነናል። እኔ ግን «እውነት ነውን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ሁለተኛ ጥያቄ ልጨምር እወዳለሁ። ይኸውም፣ «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» የሚል ነው።

በብዙው የአገራችን ክፍል ሴት ዶሮ አታርድም። በዓል ደርሶ ባሏ ከቤት ያልዋለ እመቤት ዶሮውን በክንፉ ይዛ ከደጅ ትቆማለች፤ የሚያርድላት አላፊ አግዳሚ ቢሆን፣ የአሥር ዓመት ልጅም ቢሆን ግድ የለም፤ ወንድ ይሁን ብቻ። ከዚያ ወዲያ መንጨቱ፣ መለብለቡ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ሳያበላሹ ማውጣቱ፣ ደጋግሞ ማጠቡ፣ ሽንኩርቱን ማቁላላቱ የእርሷ ነው። አንድ ቀን ሙሉ በቢላዋና በእሳት መካከል የምትውለው ሴት በአንዲት ቅጽበት ከልጅ አንሳ ትታያለች። ይህንንም ከአጠገቧ ቆመው የሚያዩት ሴት ልጇና ወንድ ልጇ ሳይነገራቸው ይማሩታል።

ከዚህ የከፋም አለ። በአንዳንድ አካባቢ ነፍሰ ጡር ሴት ወተት፣ እርጎ ወይም ተልባ እንዳትቀምስ ትከለከላለች፤ ከሕፃኑ ራስ ላይ ይለጠፋል ይባላልና። ለዚህም ምስክር ሆኖ የሚቀርበው አዲስ በተወለደ ሕፃን ገላ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ነው። ይህ ነጭ ነገር ግን ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ቆዳውን የሚጠብቅለት የተፈጥሮ ቅባት ነው፤ እናቲቱ ወተት ጠጣችም አልጠጣችም ይኖራል። ስለዚህ ምግብ እጅግ በሚያስፈልጋት ወራት ከሞሰቡ የምትገፋው ለሁለት ነፍስ የምትበላው ሴት ናት። ዋጋው በእናቲቱ ጉልበትና በልጇ ክብደት ይከፈላል።

ሸክላ ሠሪዋ

አሁን ወደ እናቴ ቡሃቃ እንመለስ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳለሁ ምጣድና ድስት ተሸክማ ከቤታችን የምትመጣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። በዋጋ አታስጨንቃትም፤ ቡና ሳታጠጣ አትሰዳትም። ነገር ግን የምትጠጣበት ሲኒ ተለይቶ የተቀመጠ ነበር፤ ወደ ጓዳ ስትቀርብም ቡሃቃው ይከደን ነበር። ቡዳ ናት ይባል ነበርና። አንድ ቀን እናቴ አዲሱ ምጣድ በጉልቻው ላይ ልክ መሆኑን ለማየት ሴትዮዋን እስከ ምድጃው ድረስ አስገባቻት። ቡሃቃው ክፍቱን ነበር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ አዩት። እናቴ ወደ ክዳኑ እጇን ሰድዳ አፍራ ስታመነታ፣ ሸክላ ሠሪዋ ፊቷን ወደ ደጅ መለሰችና፣ «ግድ የለም እሜቴ፣ ይክደኑት» አለች። እናቴም ከደነችው።

ያ ቡሃቃ የሴትዮዋ የእጅ ሥራ ነበር። ጭቃውን የቆፈረችው፣ የረገጠችው፣ ያበጀችውና የተኮሰችው እርሷ ናት። ምጣዱም፣ ድስቱም፣ ጀበናውም፣ ጋኑም እንዲሁ። ጎጆ ለወጣች ሙሽራ የመጀመሪያውን ምጣድ የምትሠራላት እርሷ ሆና ሳለ፣ በሠርጉ ድግስ ላይ ግን ስፍራ የላትም። ሊጣችንን የምንሸሽገው መያዣውን ከሠራልን እጅ ነው።

የዚህ እምነት ዕዳ በተለየ ሲኒ ብቻ አያበቃም። ሰው ድንገት ሲታመም «ቡዳ በልቶት ነው» ይባልና ይታጠናል፤ በጭሱ መካከልም የበላው ማን እንደሆነ እንዲናገር ይጠየቃል። በትኩሳት የሚቃዥ ሰው አንድ ስም ይጠራል። የሚጠራውም ብዙውን ጊዜ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲፈራ የተነገረው ሰው ስም ነው። በዚህ ሰዓት ሁለት ሰዎች ይጎዳሉ። አንደኛው ወደ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ የሚቀረው በሽተኛ፣ ሁለተኛው ስሙ የተጠራው ጎረቤት ነው።

ለመሆኑ ስሙ የሚለጠፈው በነማን ላይ ነው? በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በፋቂው፣ አብዛኛውን ጊዜም ርስት ባልነበረው ሰው ላይ ነው። መሬት የተነፈገው በእጁ ጥበብ አደረ፤ በእጁ ጥበብ ያደረውንም ባለ መሬቱ ናቀው፤ ንቀቱም እንዲጸና «ዓይኑ ይበላል» ተባለ። በዚህ መንገድ ሰው የሠራው ግፍ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ታየ።

መንግሥታት ይህን ነገር ሳያዩት አልቀሩም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው እያሳበቡ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በጉልበቱ ሊያርስ ለሚሻ ሰው ሁሉ፣ ያለ ጾታ ልዩነት፣ መሬት የማግኘት መብት ሲሰጥ ርስት አልባው ባለ እጅም ከመብቱ ገባ። ዳሩ ግን አዋጅ በአደባባይ ይነበባል እንጂ በጓዳ አይነበብም። ይኸው ስም ሲለጠፍባቸው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር አጠገብ በወለቃ በሸክላ ሥራቸው ይታወቁ ነበር፤ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሠሩት ጀበና ግን ሠሪዎቹ ከሄዱ በኋላም በየቤቱ ቡና ሲያፈላ ኖሯል።

የጎረቤት አፍ

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከጥፋት ነጻ ሆኜ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ አጭር ተውኔት ጽፌ ነበር። ጭብጡ ሊጧን ከዓይን ለመጠበቅ ስትራወጥ እንጀራው የሚያርርባት አንዲት አሮጊት ናት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ጓደኞቼም «ኋላ ቀርነትን አጋለጥህ» ብለው አመሰገኑኝ። እናቴ ከተመልካቾቹ መካከል ነበረች። በመንገድ ላይ ምንም አላለችኝም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እንጀራ እየጋገረች፣ ፊቷን ከምጣዱ ሳታነሣ፣ «እኔስ ይሳቅብኝ፤ ያቺን ሸክላ ሠሪ ግን የት አደረስካት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ተውኔቱ ውስጥ አሮጊቷ አለች፤ ቡሃቃው አለ፤ የተማረው ልጅ አለ። ዋጋውን የከፈለችው ሴት ግን የለችም። በዚያች ቀን በጓዳችን ከተነገረው ቃል ሁሉ የከበደው የእርሷ ቃል ሆኖ ሳለ እኔ አንዲት ቃል አልሰጠኋትም። እንግዲህ እናቴ ሊጧን ከደነችባት፤ እኔ ደግሞ መድረኩን ከደንኩባት።

ከዚያም እናቴን፣ «በእውነት ዓይኗን ትፈሪው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም፣ «እኔማ ዓይኗን መች ፈራሁ ልጄ፤ የጎረቤቱን አፍ እንጂ» አለችኝ።

ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ይህ መልስ ስለ ልማዳዊ እምነት አስተምሮኛል። እምነቱ የሚኖረው ሁሉም ስላመነበት ነው ብዬ አስብ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እናቴ የምትከድነው ጎረቤቷ ምን ትለኛለች ብላ ነው፤ ጎረቤቷም የምትከድነው እናቴ ምን ትለኛለች ብላ ነው። ምናልባት በመንደሩ ውስጥ ከልቡ የሚያምን አንድም ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሆኖም ቡሃቃዎቹ ሁሉ ተከድነዋል። እንዲህ ያለውን እምነት ማይክሮስኮፕ ብቻውን አያሸንፈውም። ማይክሮስኮፕ ስለ ሊጡ እንጂ ስለ ጎረቤት አፍ የሚያሳየን ነገር የለምና። የሚያሸንፈው አስቀድሞ ክዳኑን የሚያነሣ ሰው ነው።

የየድርሻችን

እንግዲህ መለኪያችን ይህ ይሁን። እምነቱ ሐሰት ሆኖ ዋጋ የሚከፍልበት ሰው ከሌለ፣ የሥርዓትና የጨዋታ ስፍራውን ይዞ ይኑር። ግማሽ እውነት ከያዘ፣ የጎደለው ይሞላለት። የሰው ልጅ የሚዋረድበት ወይም ከማዕድ የሚገፋበት ከሆነ ግን፣ የቱንም ያህል ጥንታዊና ያማረ ቢሆን ይወገድ።

መምህሩ እርሾን ከጓዳ አውጥቶ ወደ ክፍል ያግባው፤ ልጆች የእናታቸው እጅ የሚያውቀውን ሳይንስ በእናታቸው ላይ ሳይሆን ከእናታቸው ጋር ይማሩት። ካድሬው በስብሰባ ላይ «ቡዳ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ከማወጁ በፊት፣ ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ገብቶ በእርሷ ሲኒ እስከ በረካው ይጠጣ፤ ከአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ አንድ ሲኒ በመንደሩ ይወራል። ኪነ ጥበበኛው ደግሞ በድኻይቱ አሮጊት ከማሳቁ በፊት በታሪኩ ውስጥ ያልተናገረው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ይህን የምለው ለሌላው ብቻ አይደለም፤ ያ ተውኔት ገና እንደገና ይጻፋል።

በከተማ ዛሬ ሊጡ በፕላስቲክ ባልዲ ይቦካል፤ ብዙው እንጀራም በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። ስለዚህ ነገሩ በራሱ ጊዜ ያልፋል የሚሉ አሉ። ሸክላ ሠሪዋ ከደጃችን ስለጠፋች የምንከድንበት ሰው አጣን ማለት ግን ፍትሕ አገኘች ማለት አይደለም። ደግሞም የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሳይቀር ገላው ሸክላ ነው፤ እጇ ዛሬም ከእንጀራችን ሥር አለ። እናቴ በስተርጅናዋ ያንን የተለየ ሲኒ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላ አስቀምጣዋለች፤ የትኛው እንደነበረ ዛሬ ከቤተሰቡ የሚለየው የለም። ቡሃቃውም ከዝንብና ከአቧራ ይከደን፤ ከሰው ግን አይከደን።